ወላጅ ለምንጦር ሁሉ፦ ከካሊፎርኒያ የጎረቤት ማሳሰቢያ

ከሎስ አንጀለስ እስከ ኦክላንድና ሳን ሆዜ፣ እናት ወይም አባት የሚጦር ሀበሻ በየአፓርታማው ሞልቷል። አንዳንዶቻችን ወላጆቻችንን ከአገር ቤት ያመጣናቸው ልጆቻችንን እንዲያሳድጉልን ነበር፤ ልጆቹ አደጉ፣ እነሱ ደከሙ። ሌሎቻችን ደግሞ እንጀራችን የሌላ ሰው እናትና አባት መንከባከብ ነው፤ በነርሲንግ ሆም፣ በየሰው ቤት፣ መንግሥት ለቤት ውስጥ እንክብካቤ በሚከፍልበት በአይ ኤች ኤስ ኤስ። ይህን ሁሉ ከልባችን እንደምናደርገው አልጠራጠርም። የካሊፎርኒያ ሕግ ግን በአረጋውያን ላይ ስለሚደርስ በደል ሲደነግግ መውደዳችንን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ምን እንደተደረገና ምን ሳይደረግ እንደቀረ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የጥሩ ልጅ ሥራ የሚመስለው ነገር እዚህ በደል ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ "የቤት ገበና ነው" ብለን የምንሸፋፍነውም ወንጀል ሆኖ ይገኛል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እንደ ጎረቤት፣ ሕጉ በግልጽ የጻፈውን ከእኛ ኑሮ ጋር አያይዤ ላስታውስ ብዬ ነው።

ሕጉ የሚጠብቀው ማንን ነው?

በካሊፎርኒያ ሕግ አረጋዊ የሚባለው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው የግዛቱ ነዋሪ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 368ም ይህንኑ ዕድሜ ይጠቀማል። በየካውንቲው ያለው ኤ ፒ ኤስ፣ ማለትም የአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት፣ ከ2022 ጀምሮ 60 ዓመት የሞላቸውን ሁሉ ይቀበላል። ዕድሜያቸው ከዚህ በታች ሆኖ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉ አዋቂዎችም በዚሁ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው።

• ወላጃችን ጤነኛና ብርቱ ቢሆኑም ሕጉ እንደሚጠብቃቸው እንወቅ፤ ጥበቃው የሚጀምረው በዕድሜ ነው፣ በሕመም አይደለምና።
• "ደመወዝ ስለማይከፈለኝ አይመለከተኝም" አንበል፤ ሕጉ እንክብካቤውን የተረከበ ሁሉ ይላል፣ የተከፈለውና ያልተከፈለው አይለይም።
• በደል ማለት ዱላ ብቻ ነው ብለን አናስብ፤ ሕጉ ከመምታት ጎን ለጎን ችላ ማለትን፣ ጥሎ መሄድን፣ ከሰው ማግለልን፣ ከግዛቱ ይዞ መጥፋትንና ገንዘብ መበዝበዝን አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

ቸልታ፦ ብዙዎቻችንን የሚነካው

ሕጉ ቸልታ የሚለው፣ አረጋዊ ሰው በእጁ ያለ ሰው፣ ሌላ አስተዋይ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን የሚያደርገውን ያህል ጥንቃቄ ሳያደርግ ሲቀር ነው። ክፉ ሐሳብ ሊኖር ግድ አይደለም። ምሳሌዎቹንም ሕጉ ራሱ አስቀምጧል፦ ንጽሕናቸውን አለመርዳት፣ ምግብ፣ ልብስና መጠለያ አለማቅረብ፣ ወደ ሕክምና አለመውሰድ፣ ከአደጋ አለመጠበቅ፣ በረሃብ ወይም በውሃ ጥም እንዳይጎዱ አለመከላከል። እስር ቤት የሚያስገባው ደግሞ ከዚህ ከበድ ያለው ነው፤ አውቆ ማሠቃየት፣ ወይም ከተራ ስሕተት ያለፈ ግዴለሽነት። በአንቀጽ 368 መሠረት አካልን ወይም ሕይወትን ለከባድ ጉዳት የሚያጋልጥ በደል እስከ 4 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

በዚህ ወንጀል ማን እንደሚጠየቅ ለመረዳት በ1990 ሃንቲንግተን ቢች ውስጥ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ የ67 ዓመት አባት፣ ከጎልማሳ ወንድ ልጆቻቸው ጋር በሚኖሩበት ቤት ሞተው ተገኙ። የተኙበት ፍራሽ በእርጥበት ብዛት በስብሶ የውስጡ ሽቦ ወጥቷል፤ ገላቸው በመኝታ ቁስል ተጎድቷል። ቀድሞ ትንከባከባቸው የነበረችው፣ በኋላ ከቤቱ ወጥታ እየመጣች የምትጠይቃቸው ሴት ልጃቸውም ተከሰሰች። ነገሩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1994 ፍርድ ቤቱ፣ ወንድሞቿን የመቆጣጠር ሕጋዊ ግዴታ ስላልነበረባት፣ ልጅ በመሆኗ ብቻ በዚህ ወንጀል ልትጠየቅ አትችልም ብሎ ወሰነ። ታዲያ ይህ ውሳኔ እንክብካቤውን ተረክቦ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖረውን አያድንም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሕጉ የለቀቀው ጠያቂ ዘመድ ነው። በሳምንት አንዴ ብቅ ብለን፣ ሽታው እየሸተተን፣ ቡና ጠጥተን "እግዜር ይማርዎ" ብለን የምንወጣ ስንት ነን? ፍርድ ቤት አያቆመንም፤ አባትየው ግን ያው እርጥብ ፍራሽ ላይ ናቸው።

እናድርግ፦
• አልጋ ላይ የዋሉትን በየጊዜው እናገላብጣቸው፤ የመኝታ ቁስል አንዴ ከተከፈተ ለሞት የሚያደርስ መርዝ በደም ሊያሰራጭ ይችላልና።
• ዳይፐራቸውን በሰዓቱ እንቀይር፣ ገላቸውንም እናጥባቸው፤ ንጽሕና በሕጉ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የተጻፈ ነው።
• የሐኪም ቀጠሯቸውን በራሳችን ስልክ ላይ እንመዝግብ፤ እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናት የመጣ ደብዳቤ ሳይከፈት ይቀራልና።
• ሲደክመን ለወንድም፣ ለእህት፣ ለእድሩ እንንገር፤ ቸልታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከክፋት ሳይሆን ብቻውን ከተሸከመ ሰው ድካም ነው።

አናድርግ፦
• የመርሳት ችግር ያለባቸውን አባት ብቻቸውን ትተን ለደብል ሺፍት አንውጣ፤ ምድጃውን ከፍተው ቢረሱት የሚጎዳው ሕንፃው ሁሉ ነው።
• ከቤት እንዳይወጡ ብለን በሩን ከውጭ አንቆልፍ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ አያገኙም፣ ሕጉም ያለ አግባብ ማገት ይለዋል።
• እንዲተኙልን ብለን ሐኪም ላላዘዘው ዓላማ የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ መድኃኒት አንስጥ፤ ይህ በሕጉ ከአካላዊ በደል ተራ የተመደበ ነው።
• ለአንድ ወር አገር ቤት ስንሄድ "ጎረቤት ያያቸዋል" ብለን በደፈናው ትተናቸው አንሂድ፤ አስተዋይ ሰው ጥሎ በማይሄድበት ሁኔታ መሄድ በራሱ ስም የተሰጠው በደል ነው።

ስለ ጠበልና ስለ ጾም ሳልናገር ባልፍ ይህ ማሳሰቢያ ለእኛ የተጻፈ አይሆንም። የካሊፎርኒያ ሕግ፣ በገዛ ፈቃዱ ከሕክምና ይልቅ በጸሎት መዳንን የመረጠ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ችላ ተብሏል አይባልም ይላል። በገዛ ፈቃዱ ማለቱን ልብ እንበል። እናታችን አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ "ጠበሌን ልጠጣ፣ ኪኒኑን ተዉልኝ" ካሉ ምርጫው የእርሳቸው ነው፤ ብንለምናቸው፣ የንስሐ አባታቸውን ብናስለምን እንጂ ጉንጫቸውን ይዘን አንግታቸውም። እኛ በራሳችን እምነት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስንደብቅባቸው ግን ምርጫው የእኛ ሆነ፣ ጦሱ የእርሳቸው። መጥፎው ነገር ይህ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ምርጫውን መናገር በማይችሉት፣ መርሳት በጀመሩት ላይ መሆኑ ነው። ፍልሰታም ይሁን ረመዳን፣ ስኳር ያለባቸው ወላጅ ሊጾሙ ሲነሱ ሐኪማቸውንና የሃይማኖት አባታቸውን አስቀድመን እናማክር፤ በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው የተተወ ቦታ አለና።

አንድ ነገር ልጨምር። ብቻቸውን የሚኖሩና ራሳቸውን መጠበቅ ያቃታቸው፣ መብላት የተዉ፣ ቤታቸው የቆሸሸባቸው ሽማግሌም በሕጉ ትርጉም ውስጥ ይገባሉ። እዚያ የሚከሰስ ሰው የለም። ስለዚህ ማሳወቅ ሁልጊዜ ሰው መክሰስ አይደለም፤ አንዳንዴ እርዳታ መጥራት ብቻ ነው።

የእነሱ ገንዘብ የእነሱ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሁሉ በላይ ሳናውቀው የምንሳሳተው በገንዘብ ነው። እኛ ቤት የእናት ገንዘብ የልጅ፣ የልጅም የእናት ነው። ሕጉ ግን የአረጋዊን ገንዘብ ወይም ንብረት ላልተገባ አገልግሎት መውሰድን፣ መደበቅን ወይም ይዞ መቅረትን ብዝበዛ ይለዋል። ወሳጁ እንደሚጎዳቸው ያወቀ ብቻ ሳይሆን ሊያውቅ ይገባው የነበረም ተጠያቂ ነው። እናት ለልጇ የመስጠት መብቷ አልተነካም። የሚታየው ስጦታው በነፃ ልብ መሰጠቱ ነው። ያልተገባ ጫና መኖሩን ለመመዘን ሕጉ አራት ነገር ያያል፦ ሰውየው ምን ያህል ተጋላጭ ናቸው፣ የተጠጋቸው ሰው ምን ዓይነት ሥልጣን ነበረው፣ በምን ዘዴ ተጠቀመ፣ ውጤቱስ ፍትሐዊ ነው ወይ? ሐኪም ቤት ተኝተው፣ በማያነቡት ቋንቋ፣ ሌላ ልጅ ሳይሰማ፣ ቤታቸውን ባስተላለፉ እናት ላይ አራቱም ይታያሉ።

እናድርግ፦
• የወላጃችንን ቼክ እኛ የምናስተዳድር ከሆነ በሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ተመዝግበን ተወካይ ተቀባይ እንሁን፤ ቢሮው ተራ የውክልና ወረቀት አይቀበልም።
• በውክልና የምናንቀሳቅሰውን ገንዘብ ከራሳችን ሒሳብ ለይተን እንያዝ፣ ደረሰኙንም እናስቀምጥ፤ እህት ወንድም ሲጠይቅ መልሱ ወረቀት ይሁን።
• ከማስፈረማችን በፊት ሰነዱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ በገለልተኛ ሰው እናስነብብላቸው፤ ያልተረዱት ፊርማ በኋላ ቤተሰቡን ያባላል።
• በየወሩ ከቼካቸው ላይ ትንሽም ቢሆን እጃቸው ላይ እናኑር፤ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚሰጡት ሲያጡ ክብራቸው ይነካልና።

አናድርግ፦
• በእማማ ኤስ ኤስ አይ ዕቁብ አንጣል፤ ገንዘቡ ለእርሳቸው ምግብና መጠለያ የተሰጠ ነው፣ ዕቁቡ በስማቸው ሲወጣም ንብረታቸው ከ2,000 ዶላር ካለፈ ክፍያው ይቋረጣል።
• አዲስ አበባ ለምንሠራው ቤት የባንክ ካርዳቸውን አንጠቀም፤ "በኋላ እመልሳለሁ" የሚለው ሐሳብ አወሳሰዱን አያጸድቀውም።
• ባልሠራነው ሰዓት የአይ ኤች ኤስ ኤስ ታይም ሺት አንሙላ፤ መንግሥትን ማጭበርበር ከመሆኑም በላይ ካውንቲው ለእርሳቸው የፈቀደው የእንክብካቤ ሰዓት ተሰረቀ ማለት ነው።
• በአይ ኤች ኤስ ኤስ አሠሪዋ እናታችን መሆናቸውን አንርሳ፤ ተንከባካቢ የመቅጠርም የማሰናበትም መብት የእርሳቸው ነው፣ ልጅ መሆናችን አይለውጠውም።

የባንክ ሠራተኛ ስለ እናታችን ሒሳብ ጥያቄ ቢያበዛ አንቆጣ። ከ2007 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የባንክ ሠራተኞች የጠረጠሩትን ብዝበዛ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ዛሬ እኛን የጠየቀ ነገ አጭበርባሪውን ይይዛል።

ስልክ፣ በርና ቃል

ከሰው ማግለል በሕጉ በዝርዝር ከተጻፉት አንዱ ነው። ሆን ብሎ ደብዳቤያቸውንና ስልካቸውን ማስቀረት፣ እነሱ ማነጋገር እየፈለጉ ለደወለ ሰው "የለችም" ወይም "ማንንም ማነጋገር አትፈልግም" እያሉ መመለስ በቀጥታ ተጠቅሷል። ስንቶቻችን ወንድማችን ሲደውል "ተኝታለች" ብለናል! አንዴ ማለት ሌላ ነው፤ እንዳይገናኙ ብሎ ዘወትር ማለት ግን ሌላ። ሐኪም ሲያዝ፣ ወይም አጭበርባሪ እየደወለ ገንዘብ ሲጠይቃቸውና አደጋ ሲኖር መከልከል ይፈቀዳል።

• የራሳቸው ስልክ ይኑራቸው፣ አገር ቤት መደወልም እናስተምራቸው፤ ከእህታቸው ጋር አማርኛ የሚያወሩባት ሰዓት ከብዙ ሕመም ታድናለች።
• ጎረቤትና የማኅበር ሰው ሲመጣ ብቻቸውን የሚያወሩበት ጊዜ እንስጥ፤ ልጅ ባለበት የማይነገር ነገር አለና።
• ግሪን ካርዳቸውንና ፓስፖርታቸውን በእኛ መሳቢያ አንቆልፍ፤ ሰነዱ የእነሱ ነው፣ ቢያስፈልጋቸው በእጃቸው ይገኝ።
• "ወደ አገርሽ እልክሻለሁ" አንበል፤ በማስፈራራት የሚመጣ ፍርሃትና ከባድ ጭንቀት በሕጉ የአእምሮ ሥቃይ ይባላል።

በዚህ በመጨረሻው ላይ አንድ ነገር ሁሉም ይስማው። ግሪን ካርድ የያዙ እናትን ያመጣቸው ልጅ በቁጣ ተነሥቶ ሊሰርዝባቸው አይችልም። እንዲያውም ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ልጅ የበደላቸው ወላጅ፣ ወረቀት ገና ያላገኙ ከሆነ፣ ልጁ ሳያውቅ በራሳቸው የማመልከት መብት በፌዴራል ሕግ ተሰጥቷቸዋል። ይህን የማያውቁ እናቶች ዛሬም በየቤቱ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ወንድማማች ሲጣላ

እናት አንዴ ሎስ አንጀለስ፣ አንዴ ዳላስ፣ አንዴ ሲያትል እንደ ልጆቹ ስምምነት መኖራቸው የተለመደ ነው። ፈቅደው እስከተንቀሳቀሱ ድረስ ችግር የለውም። የመወሰን አቅም ያጡትን እናት ከካሊፎርኒያ አውጥቶ እንዳይመለሱ መከልከል ግን በሕጉ ጠለፋ ነው፤ ጠላፊው የበኩር ልጅ ቢሆንም።

• እናታችን አእምሯቸው ሙሉ ሳለ የጤናና የገንዘብ ውክልናውን ለማን እንደሚሰጡ እንጠይቃቸው፤ በኋላ የሚነሳውን ጠብ አስቀድሞ የሚያስቀረው የእርሳቸው ቃል ነው።
• በለቅሶና በሠርግ ሰበብ መጥተን ይዘናቸው አንሂድ፤ የተጣላነው እኛ ሆነን ሐኪማቸውን፣ የሜዲ-ካል የጤና ሽፋናቸውንና ሰፈራቸውን የሚያጡት እርሳቸው ናቸው።

ማሳወቅ የማን ግዴታ ነው?

የአረጋዊን እንክብካቤ በሙሉም ሆነ በየጊዜው የተረከበ ሁሉ፣ ቤተሰብ ቢሆንም ባይከፈለውም፣ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ነርሶች፣ የነርስ ረዳቶች፣ የአይ ኤች ኤስ ኤስ ሠራተኞችና የሃይማኖት አባቶችም እንዲሁ። የንስሐ አባት በኑዛዜ የሰማውን እንዲናገር ሕጉ አያስገድደውም፤ ቤት ሊባርክ ሄዶ በዓይኑ ያየው ግን ኑዛዜ አይደለም። ከባለ ግዴታዎቹ ውጭ ያለነው ጎረቤቶችና የእድር አባላት ማሳወቅ እንችላለን፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅን ካልሆነ በቀር አንከሰስም።

ባለ ግዴታው ወዲያውኑ ይደውላል፣ በ2 የሥራ ቀን ውስጥም በጽሑፍ ያሳውቃል። አለማሳወቅ እስከ 6 ወር እስራትና 1,000 ዶላር ያስቀጣል፤ ሆን ተብሎ ተደርጎ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ከተከተለ እስከ 1 ዓመትና 5,000 ዶላር ይደርሳል።

እናድርግ፦
• የተጠራጠርን እንደሆነ እንደውል፤ ማስረጃ መሰብሰብ የኤ ፒ ኤስና የፖሊስ ሥራ ነው፣ ከእኛ የሚፈለገው ምክንያታዊ ጥርጣሬ ብቻ ነው።
• ነርሲንግ ሆም የምንሠራ፣ ከባድ ጉዳት ያደረሰ አካላዊ በደል ስናይ በ2 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንደውል፤ ለሱፐርቫይዘር መናገር የራሳችንን ግዴታ አያወርድልንም።
• አስተርጓሚ እንጠይቅ፣ በነፃ ነው፤ የልጅ ልጅ ስለ አያቷ ገላ ቁስል መተርጎም የለባትም።
• ሰውየው "እርዳታችሁን አልፈልግም" ካሉ እናክብር፤ አእምሯቸው ሙሉ ከሆነ የኤ ፒ ኤስን አገልግሎት የመቀበልም የመተውም መብት አላቸው።

አናድርግ፦
• በሽምግልና ብቻ አንጨርሰው፤ ዕርቁ ዛሬ ቢወርድም የተደበደቡት አባት ዛሬ ማታ የሚያድሩት እዚያው ቤት ነው።
• "ልጇን ወስደው ያስሩባታል" ብለን አንደንግጥ፤ ኤ ፒ ኤስ ፖሊስ አይደለም፣ በመጀመሪያ የሚያደርገው ቤት ድረስ መጥቶ ማየትና የሚጎድለውን ማሟላት ነው።
• ማን እንደጠቆመ በሠርግና በለቅሶ አናጣራ፤ ስሙ በሕግ ምስጢር ነው፣ አንዱን ካሳፈርን ሌላው ነገ ዝም ይላል።
• ነርሲንግ ሆም ስናስገባቸው፣ ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት አልሄድም የሚለውን ወረቀት ሳናነብ አናስፈርም፤ በፌዴራል ደንብ መሠረት ለመግባት ግዴታ ሊደረግ አይችልም።

አሁኑኑ አደጋ ካለ 911። በቤት ለሚኖሩ፣ 1-833-401-0832 ደውለን ዚፕ ኮዳቸውን ስናስገባ የካውንቲያቸው ኤ ፒ ኤስ ጋር ያገናኘናል፤ ሌሊትም ይሠራል። በነርሲንግ ሆምና በአረጋውያን መኖሪያ ላሉት የእንባ ጠባቂው መስመር 1-800-231-4024 ነው። በዳዩ እንዳይጠጋቸው የፍርድ ቤት እገዳ ለሚፈልጉ አረጋውያን ማመልከቻው ኢ ኤ 100 ይባላል፣ ክፍያም የለውም።

ከካሊፎርኒያ ውጭ ያላችሁ፣ የግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ። ሜሪላንድና ሚኒሶታ ከዕድሜ ይልቅ ተጋላጭ አዋቂ በሚል ነው የሚጠብቁት፤ የማሳወቅ ግዴታውም ከግዛት ግዛት ይለያያል። በየትኛውም ግዛት ሆናችሁ ስትደውሉ የአካባቢያችሁን ቢሮ የሚነግራችሁ የአረጋውያን አገልግሎት ጠቋሚ መስመር 1-800-677-1116 ነው። ቋንቋችሁን "አምሃሪክ" በሉና አስተርጓሚው እስኪመጣ ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ።